ዘለበት ስለመቀየር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የቀበቶዬ ቆዳ ገና ደህና ነው፤ ዘለበቱ ግን ቅቡ ተላጦ አስቀያሚ ሆነ። እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ ቀበቶውን ገልብጠው ቆዳው በዘለበቱ ዘንግ ላይ ዞሮ የታጠፈበትን ቦታ ይዩ። ሁለት ብሎን ወይም ጠቅ ብሎ የሚከፈት ቁልፍ ካለው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ስፌት ከሆነ ክሩን ጎትተው አይበጥሱት፤ የመርፌውን ቀዳዳ ይሰነጥቀዋል። በምላጭ ጫፍ አንድ በአንድ ይቁረጡት። ሪቬት (ተቀጥቅጦ የሚያዝ፣ ጥርስ የሌለው ምስማር) ከሆነ ጭንቅላቱን ከጀርባ በኩል በሞረድ ሞርደው ይግፉት፣ በዚያው ቀዳዳ ብሎን ያስገቡበት። የቀበቶውን ጫፍ የምታስገቡባት ትንሿ የቆዳ ቀለበት በሁለቱ ብሎኖች መሃል ነው የምትቀመጠው። ሁሉም ነገር ከጠበቀ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ቀርታ የምትገኘው እሷ ናት።

ጥያቄ፦ ቀበቶዬ 38 ሚሊሜትር ነው። 40 የተባለ ዘለበት ይሆነዋል?

መልስ፦ ይሆናል። የሚለካው የዘለበቱ የውጭ ስፋት ሳይሆን ቆዳው የሚዞርበት ዘንግ የውስጥ ርዝመት ነው። ከቀበቶው በ1 ወይም በ2 ሚሊሜትር ቢበልጥ ችግር የለውም። በ5 ሲበልጥ ግን ቀበቶው ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል፣ ምላሱም (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ቀጭን ብረት) ከቀዳዳው መስመር ይወጣል። ጠባብ ከሆነ ደግሞ የቆዳው ጠርዝ ይጠቀለላል፤ አንዴ ከተጠቀለለ አይመለስም።

ጥያቄ፦ አዲሱን ዘለበት ከገጠምኩ በኋላ ቀበቶው ሰፋብኝ። ቆዳው እኮ ያው ነው!

መልስ፦ ቆዳው ያው ነው፤ የረዘመው ዘለበቱ ነው። ሲታጠቁ የቀዳዳው ጠርዝ በምላሱ ላይ ተንሸራቶ የዘለበቱ የፊት ክፈፍ ጋ ይቆማል። ስለዚህ ወገብዎን የሚዞረው ርዝመት ቆዳው ብቻ ሳይሆን ከዘንጉ እስከ ክፈፉ ያለው ርቀትም ነው። የድሮው ዘለበት 30፣ አዲሱ 45 ሚሊሜትር ከሆነ ቀበቶው በ15 ሚሊሜትር ሰፍቷል። ቀዳዳዎች አብዛኛውን ጊዜ በ25 ሚሊሜትር ስለሚራራቁ ወደሚቀጥለው ቢገቡ በ10 ሚሊሜትር ይጠብቅብዎታል። በሁለት ቀዳዳ መሃል ሌላ መብሳት ያጓጓል፤ እኛ አንመክርም፣ በመካከላቸው የሚቀረው ቆዳ እየተሳበ ይቀደዳል። 15 ሚሊሜትሩን ከዘለበቱ በኩል ቆርጦ እጥፉን እንደገና መሥራት ነው የሚሻለው፤ የተቀረጸው ጫፍና ቀዳዳዎቹ እንዳሉ ይቀራሉ።

ጥያቄ፦ እጥፉን ከባዶ እንዴት ልሥራ? ስሞክር ዘለበቱ ተገትሮ ቀረ፣ ቆዳውም እጥፉ ላይ ተሰነጠቀ።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ስህተቶች ናቸው። ዘለበቱ የሚገተረው ለምላሱ የተከፈተው ሞላላ ቀዳዳ ሲያጥር ነው፤ ምላሱ መዞሪያ ያጣል። ቆዳው የሚሰነጠቀው ደግሞ ሳይሳሳ ስለታጠፈ ነው፤ 4 ሚሊሜትር ቆዳ ሲታጠፍ የውጩ ፊት ከአቅሙ በላይ ይለጠጣል።

ከጫፉ 7 ሳንቲሜትር ላይ የእጥፉን መስመር ያስምሩ። ከጫፉ ጀምረው መስመሩን 2 ሳንቲሜትር እስኪያልፉ ድረስ ቆዳውን ከውስጥ በኩል በስለታም ቢላ ፍቀው ወደ 2 ሚሊሜትር ያውርዱት። ቢላው ከደነዘዘ ይቦጭቃል፤ ቶሎ ቶሎ ይሳሉት። ቀጥሎ በቆዳው ወርድ እኩሌታ ላይ፣ ከእጥፉ መስመር ግራና ቀኝ፣ በ6 ሚሊሜትር መብሻ ሁለት ቀዳዳ ይምቱ፤ ከመሃል እስከ መሃል 19 ሚሊሜትር ይሁን። ሁለቱን በቢላ ሲያገናኟቸው 25 ሚሊሜትር የሚረዝም ሞላላ ያገኛሉ፤ ለ5 ሚሊሜትር ምላስ ይበቃዋል። መጀመሪያ ሞላላውን በቢላ ብቻ መክፈት አይሆንም፤ ክብ ያልሆነ ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ነው።

ከማጠፍዎ በፊት ቦታውን በእርጥብ ጨርቅ ያርሱት። ምላሱ በቆዳው ፊት በኩል መውጣቱን አይተው ያጥፉት። ከእጥፉ 2 እና 5 ሳንቲሜትር ላይ መጀመሪያ የታጠፈውን አጭር ጫፍ ብቻ ይብሱ፤ በእሱ ቀዳዳ በኩል ከሥር ያለውን ምልክት አድርገው ይብሱት። ሁለቱንም አንድ ላይ ከመቱ ቀዳዳው ዘንበል ይላል።

ጥያቄ፦ ብሎኑ በየሳምንቱ እየላላ ይወድቃል።

መልስ፦ ሴቷ ብሎን (ወንዱ ብሎን የሚገባባት ቱቦ) ረዝማ ይሆናል። ሁለቱ ቆዳዎች ተደርበው 6 ሚሊሜትር ከሆኑ 5 ወይም 5.5 ይበቃል፤ ቆዳውን ጨምድዳ መያዝ አለባት። እኩል ወይም የምትበልጥ ከሆነች ቆዳው ሳይያዝ ብሎኑ በራሱ ይዞራል። ልኩ ትክክል ሆኖም ከላላ ጥርሱ ላይ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያድርጉ፤ የጥፍር ቀለምም ይሠራል። ሱፐር ግሉ ግን አይጠቀሙ፤ ሌላ ጊዜ መፍታት ቢፈልጉ ያስቸግርዎታል።

ጥያቄ፦ የናሱ ዘለበት ቆዳውን በነካበት ቦታ አረንጓዴ ሰም መሳይ ነገር ወጣ። ቆዳው ታሞ ነው?

መልስ፦ የለም፤ በናሱ ውስጥ ያለው መዳብ ከቆዳው ቅባት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። በጥርስ መፈልፈያ እንጨት ፍቀው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ቅባት መቀባቱንም ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ዘለበቱ በሚነካኝ ቦታ፣ ከእምብርቴ በታች፣ ያሳክከኛል፣ ይቀላል።

መልስ፦ ቅቡ ውስጥ ያለው ኒኬል ሊሆን ይችላል። የጥፍር ቀለም መቀባት ለጥቂት ቀን ነው፣ ይላጣል። ወደ ቲታኒየም ወይም ኒኬል ወዳልተቀባ ናስ ይቀይሩ፤ ቆዳዎ ከቆሰለ ወይም ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው።