አንድ ኪሎ ብርቱካን

እትዬ እንደምን ሰነበቱ። ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወንድሜ ከጅዳ ሲመጣ ደሴ በቀን የሚከራይ ፈርኒሽድ ቤት ያዘ፣ ፎቅ ነው፣ ወደ ጦሳ ተራራ የሚያይ በረንዳ አለው፣ ሁላችንም እዛ ተሰበሰብን። በሁለተኛው ቀን ልጄን ከግቢ ልጠራ ብረቱ ላይ ደገፍ ስል ከነስሩ ተነቅሎ ይዞኝ ወረደ። ስሩ በጀሶ ተደፍኖ ቀለም ተቀብቶበት ነበር ለካ! ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ብረት ገባልኝ፣ ስራዬ ደሞ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ላይ ነው፣ አንድ ሰዓት ከሰራሁ ማታ ያብጣል።

የሚያንገበግበኝ ግን ባለቤቱ ነው። አንድ ቀን ብቻ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጣ፣ እሱንም ስልክ እያወራ አስቀምጦ ወጣ። ሰው አይደለሁም? ስደውልለት «ውል ያለኝ ከወንድምሽ ጋር ነው» ይለኛል። ሽማግሌ ላክን፣ እክሳለሁ አለ፣ ከዒድ በኋላ አለ፣ ከፋሲካ በኋላ አለ፣ ከዛ የልጁ ሰርግ መጣ፣ ሽማግሌዎቹ አብሽሪ ይሉኛል እኔም እሺ እያልኩ ይኸው ሰኔ 21 ሁለት ዓመት ሊደፍን ነው። ያቺ ብርቱካን ግን ከሆዴ አልወጣችም። ባሌ ክሰሺ ይለኛል፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ፍርድ ቤት ብሄድ ነውር አይሆንብኝም?

ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

*

ብርቱካኑን ለጊዜው ተዪው። ሰኔ 21ን እንዲህ በወሬ መሃል ጣል አድርገሽ ማለፍሽ ነው ያስደነገጠኝ! የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በ2 ዓመት ውስጥ ነው ይላል። ከዛ በኋላ ሰውዬው ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል፣ የምትል አንዲት ቃል ካነሳ ጀሶውም ቀለሙም ቀረ። በአፉ እክሳለሁ ማለቱ ቀኑን ያቆምልኛል ብለሽ እንዳትተማመኚ፣ አንቺ በዓል ስትቆጥሪ እሱ ቀን ሲቆጥር ነው የከረመው ባይ ነኝ።

ውል የሚላትም አታስኬደውም። ቁጥር 2077 የህንፃ ባለቤት ህንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልጠበቀው እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል፣ ኪራዩን ማን ከፈለ አይልም። የበረንዳ ብረት ደሞ ሊደገፉት ነው የሚተከለው።

ነውር ላልሽው፣ እኔም ደሴ በሽማግሌ እጅ ያደግኩ ነኝ፣ ፋይል ከተከፈተም በኋላ መታረቅ ይቻላል፣ ፍርድ ቤቱ እርቁን ይመዘግበዋል። ቀኑ ካለፈ ግን ሽማግሌዎቹ ምን ይዘው ይለምኑታል? ሽማግሌ ረገጠች የሚልሽ ካለ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲረግጣቸው የከረመው ማን እንደሆነ ጠይቂልኝ።

ነገ በጠዋት ሚኒባስ ይዘሽ ደሴ ውጪና ጠበቃ ፈልጊ። የሐኪም ወረቀትሽን፣ ደረሰኞችሽን፣ ብረቱ ሲነቀል ያየ ሰው ስም፣ ከሁሉም በላይ የስፌት ትዕዛዝ የምትጽፊበትን ደብተር ያዢ፣ ያጣሽው ገቢ የሚታየው እሱ ላይ ነው። በሆድሽ ቁስል ብዙ አትጠብቂ፣ ለህሊና ጉዳት ሕጉ ከ1000 ብር በላይ አይፈቅድም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ነው፣ ያኔ 1000 ብር ብር ነበር እቴ። የዳኝነት ክፍያው ከከበደሽ በደሀ ደንብ ልክሰስ ብለሽ አመልክቺ።

የፋይል ቁጥርሽን ስትቀበዪ ጻፊልኝ፣ ስለ ብርቱካኑ ያኔ አብረን እንናደዳለን።