«ስክሩጅድ»ን ከልጆች ጋር ማየት፦ ለተነሣው ጥያቄ የግሌ መልስ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ቢል መሬይ የሚሠራበትን «ስክሩጅድ» የተባለ የገና ፊልም ከልጆችዎ ጋር ለማየት አስበው ሳለ፣ ጭካኔ የበዛበት ነው የሚል ወሬ ሰምተው እንዳመነቱና ፊልሙ የተመሠረተበትን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የቻርልስ ዲከንስን መጽሐፍ ላላነበበ ሰው ይገባው እንደሆነ ጠይቀዋል። ፊልሙን በተለያየ ጊዜ ሦስት ጊዜ ስላየሁት የታዘብኩትን ልንገርዎ።

የመጀመሪያውን ጊዜ እስከ መጨረሻው አልዘለቅኩበትም። የገና ፊልም ሲባል ልብ የሚያሞቅ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ፍራንክ ክሮስ የተባለ የኒው ዮርክ ቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊ ሠራተኞቹ ላይ ሲጮህ፣ ሐሳቡን የተቃወመውን ሰው ገና ሲደርስ ከሥራ ሲያባርር፣ ለገዛ ወንድሙ ፎጣ በስጦታ ሲያስልክ ስለነበረ በመሃል ዘጋሁት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ የተረዳሁት እ.ኤ.አ. በ1843 የታተመውን የቻርልስ ዲከንስን «ኤ ክሪስማስ ካሮል» ካነበብኩ በኋላ ነው። ስክሩጅ የተባለ ንፉግ ሽማግሌ ያለፈው፣ የአሁኑና የሚመጣው ገና መናፍስት ጎብኝተውት ልቡ እንደተለወጠ የሚተርክ፣ በአምስት ክፍል የተጻፈ አጭር መጽሐፍ በመሆኑ በአንድ ወይም በሁለት ምሽት ያልቃል። እዚያ ውስጥ ያለው ስክሩጅ ብዙዎቻችን በወሬ እንደምናውቀው አኩራፊ ሽማግሌ ብቻ አይደለም፤ ለድሆች እርዳታ ሊያሰባስቡ የመጡ ሰዎችን፣ ድሆቹ መሞት ከመረጡ ይሙቱና የተትረፈረፈውን የሕዝብ ቁጥር ይቀንሱ ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። ስለዚህ በፊልሙ ላይ ጨከነ የተባለው ነገር ከመጽሐፉ የወረሰው እንጂ አዲስ የተጨመረበት አይደለም።

ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ዶነር እ.ኤ.አ. በ1988 ለእይታ ባቀረበው በዚህ ፊልም ውስጥ እጅግ የወደድኩት ሐሳብ፣ ፍራንክ የስክሩጅን ታሪክ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው። እንዲያውም ሥራው እርሱን መሸጥ ነው፤ የዲከንስን ታሪክ በገና ዋዜማ በቀጥታ ስርጭት ሊያሳይ አቅዷል፤ ተመልካች እንዳያመልጠው ሲል ሰውን በሽብር የሚያስጨንቅ ማስታወቂያ ይሠራለታል፤ ስርጭቱ እንዲሳካም ሠራተኞቹ በዓሉን ትተው እንዲያመሹ ያስገድዳል። የዲከንሱ ስክሩጅ ለጸሐፊው ለቦብ ክራቺት እያጉረመረመም ቢሆን የገናን ዕለት ፈቃድ ሰጥቶታል። በፊልሙ የክራቺትን ቦታ የያዘችው ረዳቱ ግሬስ ግን፣ አባቱ ሲገደል ካየ ወዲህ መናገር ያቆመውን ትንሹን ልጇን ወደ ሐኪም ለመውሰድ እንኳ ጊዜ አታገኝም። የቀልዱ ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው። ፍራንክ የራሱ ፕሮግራም ተዋናይ የመንፈስ ልብስ ለብሶ ሲያየው በድንጋጤ የሚርበተበትበት ትዕይንት የሚያስቀው፣ እውነተኛውንና የተከራየውን መንፈስ መለየት ስላቃተው ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው ታሪኩን መከተል አያቅተውም፤ ከቀልዱ ግማሹ ግን ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

መናፍስቱንም ለማወዳደር ያህል፦ ያለፈው ገና መንፈስ ጥርሱ የበለዘ የታክሲ ነጂ ሆኖ መጥቷል፤ ፍራንክ የልጅነት ትዝታዬ ብሎ የሚተርከውም ከቴሌቪዥን ድራማ ላይ ያየው መሆኑን የሚያጋልጠው እርሱ ነው። ካሮል ኬን የተጫወተችው የአሁኑ ገና መንፈስ ደግሞ ድምፅዋ የሚጣፍጥ፣ ቡጢዋ ግን የማይቻል የተረት ዓለም ፍጡር ናት። የሚመጣው ገና መንፈስ በፊቱ ቦታ የቴሌቪዥን መስኮት ተተክሎለታል፤ ለዚህ ሰው ከዚህ የሚስማማ መንፈስ ሊገኝለት አይችልም ነበር። ፊልሙ በሜካፕ ሥራው ለኦስካር መታጨቱም አይገርምም።

በሦስተኛው ጊዜ ከእህቴ ልጆች ጋር ነበር ያየሁት። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ሲስቅ አመሸ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ግን የፍራንክ የቀድሞ አለቃ የበሰበሰ አስከሬን ሆኖ ቢሮው ሲገባ ትራስ ውስጥ ተደበቀች። ለእኔ ከዚያ የባሰው የሄርማን ነገር ነው። ፍራንክ ያልረዳው ይህ ቤት የለሽ ሰው በብርድ ደርቆ ይገኛል። በመጽሐፉ የቦብ ክራቺት ሕመምተኛ ልጅ ትንሹ ቲም የሚሞተው መንፈሱ ባሳየው መጪ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ስክሩጅ ሲለወጥ ልጁ ይድናል፤ የሄርማን ሞት ግን በአሁኑ ጊዜ የደረሰ ነውና በንስሐ አይመለስም። ልጅቷም ፊልሙ ካለቀ በኋላ «ያ ሰውዬስ?» ብላ የጠየቀችኝ ስለ እርሱ ነበር፤ የምመልስላት አጣሁ። ፊልሙ በአሜሪካ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጆች እንዲጠነቀቁ የሚያሳስብ ደረጃ የተሰጠውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም። ፍራንክ በመጨረሻ ካሜራ ፊት ቆሞ የሚያደርገው ንግግር ከመጠን በላይ ይረዝማል፣ ይጮኻልም። የቀድሞ ፍቅረኛውን ክሌርን መልሶ ማግኘቱም ነገሩን ያቀለዋል፤ በዲከንስ ዘንድ የስክሩጅ የቀድሞ እጮኛ ቤል ሌላ አግብታ ልጆች ወልዳለች፤ ስክሩጅም ያን ያጣውን አያገኘውም።

ልጆችዎ ትንንሾች ከሆኑ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን፣ ማይክል ኬን በአሻንጉሊቶች መካከል ስክሩጅን ያለ ፌዝ የተጫወተበትን የመፔቶች ፊልም አስቀድመው ያሳዩአቸው፤ «ስክሩጅድ»ን ደግሞ እነርሱ ከተኙ በኋላ ከትልልቆቹ ጋር ይክፈቱት።