ዐፄው ያስተከሉት ደን

ጥያቄ፦ የምኖረው ዓለም ገና ነው። እናቴ የመናገሻ ሱባን ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙ አድገዋል፤ ጎረቤታችን ደግሞ «ያለው የፈረንጅ ጥድ ነው፣ ትናንት የተተከለ» ይላሉ። በጥቅምት እናቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ ለመሄድ አስቤአለሁና እውነቱ የማን ነው? ምንስ ብናይ ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም ከእውነት አልራቁም፤ የሚያወሩት ግን ስለ አንድ ደን የተለያየ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደኑ ያለበት የወጨጫ ተራራ መራቆቱን አይተው በአንኮበር አካባቢ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስዘሩበት ሲነገር ኖሯል። ጎረቤትዎ ያዩት ደግሞ በኋለኛው ዘመን ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ በመስመር የተተከለበትን ክፍል ሳይሆን አይቀርም።

ሁለቱን ጥዶች ለመለየት ከቁመታቸው ይልቅ ፍሬያቸውን መመልከት ይበጃል። የሐበሻው ጥድ ፍሬ ከአተር እምብዛም የማይበልጥና ሥጋ ያለው ሲሆን፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ጥቁር ይሆናል፤ በጣት ሲታሽም ላዩ ላይ ያለው ነጣ ያለ ብናኝ ይለቃል። የፈረንጁ ፍሬ ግን የጣት ጫፍ የሚያህል ደረቅ እንጨት ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ዘሩን ይበትናል። የሐበሻ ጥድ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ በመሆኑና የምታፈራውም ሴቷ ብቻ በመሆኗ፣ ፍሬ ያጣችሁበትን ዛፍ ሁሉ «የፈረንጅ ነው» ብላችሁ እንዳትፈርዱበት። ፍሬውን ወፎች እየበሉ ዘሩን ሲዘሩ ስለኖሩ፣ ዛሬ የምታዩት እያንዳንዱ ሽማግሌ ጥድ ንጉሡ ካስዘሩት ዘር በቀጥታ የበቀለ ነው ማለት አያስደፍርም፤ የልጅ ልጁ ነው ቢባል ግን የሚከራከር አይገኝም።

ከጥዱ መሐል ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ታገኛላችሁ። ኮሶ ላይ ቆም እንድትሉ እመክራለሁ፤ የእናትዎ ዘመን ሰዎች በጽዋ እንጂ በዛፉ ስለማያውቁት፣ እየተላጠ የሚንጠለጠለውን ቅርፊትና ወራቱ ከገጠመ ከቅርንጫፉ የሚወርደውን የሴቷን ቀይ የአበባ ዘለላ ለልጆቹ ቢያሳዩዋቸው ጨዋታውን እርሳቸው ያመጡታል። ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ካደረጉ ጉሬዛ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል፣ ዕድል ከቀናቸውም ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን፣ ጠጉሩ የጠቆረውን የምኒልክ ድኩላ ያያሉ።

ወደ ላይ ሲወጣ ደኑ እየሳሳ አስታና ጅብራ ይተካል፤ የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል። እናትዎን እስከዚያ አያድክሟቸው፤ ታላቁ ልጅ ከፈለገ ከአስጎብኚ ጋር ይውጣ፣ እርሳቸው ከታች በጥዱ ጥላ ሥር ይቆዩ።

ጥቅምትን መምረጥዎ መልካም ነው፤ በክረምት ከዋናው መንገድ ወደ ደኑ የሚገባው መንገድ ጭቃ ይይዛል። ጠዋት ብርድ ስለሚኖር ጋቢ አይረሳ። እናትዎ ምናልባት ከሰል፣ ጀበናና ረከቦት ካልተያዘ ብለው ያስቸግሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ጥድ በባሕርዩ ሙጫ ያለው፣ ቅጠሉም ሲደርቅ ቶሎ የሚቀጣጠል ነውና እሳት ደኑ ውስጥ አይነድ፤ ቡናው ቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይያዝላቸው።