ትንሿን ሬዞኔተር ጊታር ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አሜሪካ ውስጥ በአንድ መደብር ያየሃት በድሮ መልክ የተሠራች ትንሽ ሬዞኔተር ጊታር (ድምፁን በውስጡ ባለ ስስ የብረት ሾጣጣ የሚያጎላ ጊታር) ልብህን ወስዳዋለች፤ «ብቸኛ ጊታሬ ልትሆን ትችላለች? ትዝታስ ያምርባታል?» ብለሃል። ይህን ዓይነት ጊታር ለዓመታት ስለተጫወትኩ ሳልሸፋፍን እነግርሃለሁ። ብቸኛ ጊታርህ አታድርጋት። ትዝታ ግን በጣም ያምርባታል።

የተፈጠረችው በጉልበት እንድትሰማ ነው። በ1920ዎቹ የጊታር ድምፅ በትንፋሽ መሣሪያዎችና በከበሮ መካከል ይዋጥ ነበር። ጆርጅ ቢቻም የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ጎላ ያለ ድምፅ የሚሰጥ ጊታር ፈለገ፤ ከስሎቫኮች ወገን የሆነው ጆን ዶፕየራ ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በስስ አሉሚኒየም ሾጣጣዎች ሠራለት። በ1927 ናሽናል በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። እነ ታምፓ ሬድ፣ ሰን ሃውስና ቡካ ዋይት ብሉዝን የተጫወቱበት መሣሪያ ይኸው ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቢቻም ራሱ ከአዶልፍ ሪከንባከር ጋር የኤሌክትሪክ ጊታር ሲያወጣ የጉልበቱ ጥያቄ በሌላ መንገድ ተመለሰ። ሬዞኔተሩን እስከ ዛሬ ያቆየው እንግዲህ የድምፁ ጠባይ ነው።

ይህ ጠባይ የሚመጣው ከሾጣጣው ነው። ባየሃት ዓይነት ትንሽ ጊታር ውስጥ ብዙውን ጊዜ 9 ኢንች ተኩል ስፋት ያለው አንድ ሾጣጣ አለ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ እንጨት ተቀምጦ የክሮቹን ንዝረት ያስተላልፋል። ድምፁ ቶሎ ይፈነዳል፣ ቶሎም ይከስማል። ለአንድ ነጠላ ዜማ ግሩም ነው። ስድስቱንም ክር እየመታህ ዘፋኝ ልታጅብ ስትል ግን ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ይጨናነቃል፣ የዘፋኙንም ድምፅ ይጋፋል። ብቸኛ ጊታርህ አታድርጋት ያልኩህ ለዚህ ነው። አካሏ ከብረት ይሁን ከእንጨት ለሚለው፣ ለቤትና ለዘፈን እኔ እንጨቱን እመርጣለሁ፤ ለስለስ ይላል፣ ክብደቱም አይጎዳም።

ወደ ትዝታ ልመለስ። በጣትህ ላይ የመስተዋት ወይም የብረት ቱቦ አጥልቀህ በክሩ ላይ ስታንሸራትት፣ በፍሬቶቹ (አንገቱን በሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች) መካከል ያሉትን ድምፆች ሁሉ ታገኛለህ፤ የማሲንቆ ተጫዋች በጣቱ የሚያመጣው ዓይነት መለማመጥ እዚህ አለ። ክሮቹን ከወፍራሙ ጀምረህ ዲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ቃኛቸው። መነሻህን ጂ አድርገህ ትዝታ ሜጀርን ስትጫወት ሁሉም ክፍት ክር ከቅኝቱ ውስጥ ነው። ከቀጭኑ ሲቆጠር ሁለተኛውን ክር ከቢ ወደ ቢ ፍላት ዝቅ ብታደርገው ትዝታ ማይነር ይሆንልሃል። አምባሰል ላይ ያው ክር ወደ ሲ ከፍ ይበል፤ አምባሰል ውስጥ ቢ የለምና። ባቲ ሜጀር በመጀመሪያው አቃኛኝ ይሄዳል። አስቸጋሪው አንቺሆዬ ነው፤ አምስተኛው ድምፅ ዝቅ ስለሚል ሦስቱ የዲ ክሮች፣ ቢም ስለሌለበት የቢው ክር ይጣሉታል፣ ስለዚህ እነርሱን በክፍት ሳትነካ መጫወት መልመድ ይኖርብሃል። የእነዚህ ትንንሽ ጊታሮች አንገት አብዛኛውን ጊዜ 12ኛው ፍሬት ላይ ከአካሉ ጋር ስለሚገናኝ፣ ከዚያ በላይ በቱቦ መውጣት ያታክታል። ዜማህን ከዚያ በታች አስብ።

መደብሩ ስትሄድ ለጌጡ ዓይን አትስጥ። አንገቷ ክብ መሆኑን አረጋግጥ፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ጭን ላይ አጋድመው ለሚጫወቱ ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ በዝግታ ምታና አዳምጥ። የሚንጫረር ድምፅ ከሰማህ ወዲያው ተስፋ አትቁረጥ። የእኔዋ ሦስተኛው ክር ላይ አንዲት ኖታ ስትመታ ብቻ እንደ ዝንብ ትጮህ ነበር፤ ኖታዋን ደጋግሜ እየመታሁ በሌላው እጄ የሾጣጣውን ሽፋን ብሎኖች አንድ በአንድ በጣት ጫፍ ስጫን፣ አንደኛው ላይ ስደርስ ጩኸቱ ቀጥ አለ። ብሎኑን ትንሽ ማጥበቅ ብቻ በቃ። ብሎኖቹ ሁሉ ጠብቀው ጩኸቱ ካልቆመ ግን ሾጣጣው ተጎድቶ ወይም ከመቀመጫው ተንሸራትቶ ሊሆን ይችላልና ሻጩ ሽፋኑን ከፍቶ እንዲያሳይህ ጠይቅ። ጠርዙ ዙሪያውን እኩል መቀመጡንና የተሰረጎደ ቦታ አለመኖሩን እይ። አልከፍትም ካለህ ሌላ መደብር ፈልግ።

ክሩን በተመለከተ፣ ይህ አቃኛኝ ከተለመደው አቃኛኝ ይልቅ ከስድስቱ ክሮች ሦስቱን ስለሚያላላ ቀጭን ክር አይሆንም፤ ቱቦው ሲያርፍበት ፍሬቱን ይነካል። ቀጭኑ ክር ከ0.013 ኢንች የሚጀምር ስብስብ ግዛ። ስትቀይር ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትፍታ፤ ሾጣጣውን በቦታው ይዞ የሚያቆየው የክሮቹ ጫና ነው። አንዱን አውጥተህ አዲሱን ወጥረህ ስትጨርስ ወደ ቀጣዩ እለፍ።