ወርዶ የተመለሰ እብጠት

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 29 ነው፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ኢስታንቡል ሄጄ የመንጋጋዬን ማዕዘንና አገጬን በቀዶ ሕክምና ካስቀነስኩ 19 ቀን ሆነኝ። ፊቴ አሁንም አብጧል፤ ቀኙ ከግራው ይበልጣል፣ የታች ከንፈሬም ደንዝዟል። ባለፈው ሳምንት ሻል ብሎኝ ነበር፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ቀኙ ብሶ አፌን ይመረኛል። እናቴ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ምች መቶኝ እንደሆነ ነግራኝ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ከፋርማሲ ዴክሳ (ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ኪኒን) እብጠቱን እንዲያወርድልኝ ገዝቼ ጠዋትና ማታ መውሰድ ከጀመርኩ 9 ቀን አልፏል። የእህቴ ሰርግ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ኪኒኑን እስከ መቼ ልቀጥል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ኪኒን ነው፤ የሚያስጨንቅዎ ግን «ፊቴን አበላሸሁት ወይ?» የሚለው ይመስለኛል። አላበላሹትም፣ አብሽሩ። አጥንቱ ተቆርጦ የተስተካከለ ፊት በ19ኛው ቀን መልኩን አይይዝም። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ አብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወርዳል። አገጭ ሥርና መንጋጋ ጥግ ላይ የሚቀረው ጠንካራው እብጠት ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ስድስት ወር ይቆያል፤ የመጨረሻው ቅርጽ እስኪለይ ዓመት ሊሞላ ይችላል። ሁለቱ ጎኖችም እኩል አይወርዱም። በአንዱ በኩል ብዙ ደም ፈሶ ሊሆን ይችላል፣ ዘወትር በአንድ ጎን የሚተኛ ሰውም ጠዋት ያ ጎኑ አብጦ ይነሳል። በሰርጉ ቀን ስምንተኛ ሳምንትዎ ላይ ነዎት፤ የሚቀረውን ልዩነት ከእርስዎ በቀር የሚያስተውለው ሰው ጥቂት ነው።

የከንፈሩ መደንዘዝም የሚጠበቅ ነው። ለታች ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ያልፋል፤ በቀዶ ሕክምናው ሲሳብ ይደነዝዛል። ለመመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል። ጉንዳን የሚሄድበት መስሎ መጠዝጠዝ ሲጀምር እየተመለሰ ነው። እስከዚያ ትኩስ ቡና በዚያ ከንፈር አይቅመሱ፤ ሲቃጠል አይታወቅዎትም።

አሁን ወደ ዋናው። «ሻል ብሎኝ ነበር፤ ከሦስት ቀን ወዲህ ብሶ አፌን ይመረኛል» ብለው ያለፉት ነገር ከሰርጉም ከኪኒኑም ይበልጣል። ቀስ እያለ የሚወርድ እብጠት አያሳስበኝም፤ ወርዶ የተመለሰ፣ ያውም በአንድ ጎን ብቻ የተመለሰ እብጠት ግን መግል መያዙ እስኪጣራ ድረስ መግል እንደያዘ ነው የሚቆጠረው። የቀዶ ሕክምናው ቁስል በድድና በጉንጭ መካከል፣ አፍ ውስጥ ነው። ስፌቱ በትንሹ ቢላቀቅ ምግብና ምራቅ ይገባል፤ ከሥር ተጠራቅሞ የቀረ ደም ካለ ደግሞ ለጀርም ይመቸዋል። መራራው ወይም ጨዋማው ጣዕም ብዙ ጊዜ በስፌቱ በኩል የሚወጣው መግል ነው።

እጅዎን ይታጠቡ፤ የስልክዎን መብራት ይዘው መስታወት ፊት ይቁሙ፤ ጉንጭዎን በጣት ሳብ አድርገው የስፌቱን መስመር ከፊት እስከ ኋላ ይዩት። የተከፈተ ቦታ፣ ቢጫ ፈሳሽ፣ መጥፎ ሽታ አለው? በእጅዎ ጀርባ ሁለቱን ጉንጮች ያነጻጽሩ፣ ቀኙ ይሞቃል? ምንም ባይታይዎትም መሄድዎ አይቀርም፤ ጥልቅ መግል ከላይ አይታይም። ዛሬውኑ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይቅረቡ። ምላስዎ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ምራቅዎን መዋጥ ካቃተዎት፣ ድምፅዎ ከወፈረ፣ አገጭዎ ሥር አንገትዎ ከደደረ ወይም በጀርባዎ መተኛት ካፈነዎት ሌሊትም ቢሆን አይደር። ከመንጋጋ የተነሳ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ወርዶ የአየር መንገድን በሰዓታት ውስጥ ሊዘጋ ይችላል። አፍዎ ሁለት ጣት የማያስገባ ከሆነና መክፈቻው ከትናንቱ ከጠበበም ያው ነው።

«ትኩሳት የለኝም» እንዳይሉኝ። ዴክሳ ትኩሳትንና ሕመምን ይሸፍናል፤ ቴርሞሜትሩ ቢያሳይም ባያሳይም አላምነውም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ማንም ሳያዝልዎት! የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይህን መድኃኒት እብጠቱ ገና ሳይነሳ፣ በቀዶ ሕክምናው ዕለትና ቢበዛ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ ሰውነት ጀርምን የሚከላከልበትን አቅም ያዳክማል፣ የቁስልን መዳን ያዘገያል፣ ስኳር ይጨምራል፣ ከዲክሎፌናክ ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲሆን ጨጓራ ያደማል። በየሰፈሩ «ለማወፈሪያ» የሚወሰደው እኮ ይኸው ኪኒን ነው! ጉንጭ ይሞላል ተብሎ የሚገዛውን መድኃኒት ጉንጭ ለማጉደል መዋጥ ምን ይባላል? ዘጠኝ ቀን የወሰደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንዴ ሊያቆም ይችላል፤ ቢሆንም ማሸጊያውን ይዘው ሄደው የሚያይዎት ሐኪም መጠኑን አይቶ ይወስን። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ አንባቢ ካለ ግን በራሱ በድንገት እንዳያቆም፤ ለሕይወት ያሰጋል። ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ካለም አይጀምሩ። መግል ብዙ ጊዜ ተከፍቶ መውጣት አለበት፤ ግማሽ ኮርስ ምልክቱን ብቻ ያደበዝዛል።

እናትዎ አይቀየሙኝና፣ በረንዳው ጥፋት የለበትም። ፀሐይ ቁስልን መግል አታስይዝም። ዳማከሴውን ግን ይተዉት፤ አፍ ውስጥ ክፍት ቁስል እያለ ጥሬ ቅጠል ጨምቆ መጠጣት ጀርም ይጨምራል።

ሆስፒታል ከታዩ በኋላ የሚቀረው ቀላል ነው። ከምግብ በኋላ ሁሌ ፈልቶ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው ሳያንገላቱ ይጉመጥመጡ። በሁለት ትራስ ከፍ ብለው በጀርባዎ ይተኙ። በረዶ አሁን አይጠቅምም፣ ጊዜው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነበሩ፤ በደነዘዘ ቆዳ ላይም ትኩስ ፎጣ አያድርጉ። ሽሮ፣ አጥሚት፣ የተፈጨ ሾርባ፣ እንቁላል ይብሉ፤ ጨው ይቀንሱ፣ በስትሮ አይጠጡ። ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦና ጥሬ ሥጋ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ይቆዩ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይነካም፤ ቅጠሉ የሚታጎረው ስፌቱ ያለበት ጉንጭ ውስጥ ነው፣ ሰዓታት ማኘኩም ገና ያልጠና አጥንት ያንገላታል።

ወደ ደሴ ሲሄዱ ከኢስታንቡል የሰጡዎትን የቀዶ ሕክምና ወረቀትና የኤክስሬይ ወይም የሲቲ ምስል ይያዙ፤ ብሎን ወይም ፕሌት ገብቶ ከሆነ ሐኪሙ ቁስሉን ከመክፈቱ በፊት ማወቅ አለበት። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የተነሷቸውን ፎቶዎች በስልክዎ ያሳዩት፤ ቀኙ ጎን የተመለሰበትን ቀን ከእነሱ ይለያል።