ጎሉ፣ ልደቱና ፓስፖርቱ፦ ስለ ታዳጊ አጥቂዎች ከጎንደር ለደረሱን ጥያቄዎች

(ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ብለናል።)

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ፤ አዘዞ ውስጥ በታዳጊዎች ፕሮጀክት በአጥቂነት እጫወታለሁ። ናይጄሪያዊው ቪክቶር ኦሲምሄን በአንድ የታዳጊዎች የዓለም ዋንጫ ጎል አግብቶ ነው አውሮፓ የገባው ይላሉ። እኔም ለብሔራዊ ቡድን ተመርጬ አንድ ጥሩ ውድድር ባሳይ ይወስዱኛል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጀመሪያ የኦሲምሄንን ቀኖች ተመልከት። በ2015 ቺሊ ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ 10 ጎል አግብቶ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ፤ ናይጄሪያም ዋንጫውን አነሳች። ለጀርመኑ ቮልፍስቡርግ የፈረመው ግን ጃንዋሪ 2017 ነው። የተወለደው ዲሴምበር 29 ቀን 1998 ስለሆነ 18 ዓመት የሞላው ከፊርማው ጥቂት ቀናት በፊት ነበር። ፊፋ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፦ ወላጆች ከኳስ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት አገር ሲለውጡ፣ ወይም በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ከ16 ዓመት ጀምሮ በሚደረግ ዝውውር። ከጎንደር ለሚነሳ ልጅ ሁለተኛው አይሠራም። ስለዚህ «በ16 ዓመትህ አስፈርምሃለሁ፣ የትራያል ብር አምጣ» የሚልህ ሰው ሕጉን አያውቅም፣ ካልሆነም እያታለለህ ነው። ብር አትስጥ። ፈቃድ ያለው ኤጀንት ስሙ በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ አንተን ከማነጋገሩ በፊትም የወላጅህን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ አለበት።

ከፊርማው በኋላ የሆነው ደግሞ የበለጠ ሊያስተምርህ ይገባል። ቮልፍስቡርግ ውስጥ በሊጉ አንድም ጎል አላገባም። መንገዱ የተከፈተው በ2018 በውሰት ወደ ቤልጂየሙ ሻርለሯ ሄዶ በየሳምንቱ መሰለፍ ሲጀምር ነው። ከዚያ ሊል፣ ከዚያ ናፖሊ፤ በ2022/23 በ26 ጎል የጣሊያን ሊግ ኮከብ ግብ አግቢና ሻምፒዮን ሆነ። አይቮሪኮስታዊው ሱሌይማን ኩሊባሊ በ2011 ሜክሲኮ ላይ በተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ በ4 ጨዋታ 9 ጎል አግብቶ ቶተንሃም ወሰደው፤ ለዋናው ቡድን ግን ሳይሰለፍ ለቀቀ። ስለዚህ ምርጫ ቢመጣልህ ስሙ ከገነነው ክለብ ይልቅ የምትጫወትበትን ውሰድ።

የጎል ቁጥር ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ኤርሊንግ ሃላንድ በ2019 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ በ9 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ ሲሆን፣ ዘጠኙንም ያገባው ኖርዌይ ሆንዱራስን 12 ለ 0 ባሸነፈችበት አንድ ጨዋታ ነው፤ ቡድኑ ከምድቡ አላለፈም። መልማዮች የሚያዩት የሚደጋገመውን ነገር ነው፤ ከተከላካይ ዐይን እንዴት እንደምትሰወር፣ የመጀመሪያ ንክኪህ ወዴት እንደሚወስድህ፣ ኳስ ስታጣ ምን እንደምታደርግ። ኳስ ሳይመጣልህ በፊት ሁለት ጊዜ ዞር ብለህ ማየትን ልማድ አድርግ። ከመስመር ሲሻማ ሩጫህን የምትጀምረው አሻሚው ቀና ሲል ነው፤ ከዚያ ከቀደምክ ተከላካዩ ይይዝሃል። በሳምንት ሁለት ቀን ከ11 እስከ 14 ሜትር ርቀት በአንድ ንክኪ የማጨረስ ልምምድ ሥራ፤ 6 ኳስ፣ 2 ደቂቃ እረፍት፣ ይህን 4 ጊዜ። እግርህ ሲዝል አቁም፤ በድካም የተደጋገመ ምት መጥፎ አመታትን ያስለምዳል።

አገር ውስጥ ያለውንም መንገድ አትናቅ። ፋሲል ከነማ ሊጉን ባነሳበት በ2013 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2022 የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው።

ጥያቄ፦ ልጄ ኅዳር 2001 ዓ.ም. ተወለደ። አንዱ አሠልጣኝ 2009 ነው ይላል፣ ሌላው 2008። ለ2026 ከ17 ዓመት በታች ይደርሳል? የእጅ ምርመራ የሚሉትስ ምንድን ነው? (አንድ አባት፣ ከማራኪ)

መልስ፦ አይደርስም፤ ልጅዎ የ2008 ነው። ደንቡ ከውድድሩ ዓመት 17 ተቀንሶ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተወለደ ይላል፤ ለ2026 ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ማለት ነው። ይህ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2001 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ላይ 7 ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ለተወለደ 8። (በአንዳንድ ዓመት ድንበሩ በአንድ ቀን ይለያል።) ሁሌ 8 የሚደምር ሰው የኅዳሩን ልጅ ሳያስበው ያሳንሰዋል፤ ሁሌ 7 የሚደምር ደግሞ የጥር ልጅ መብት እያለው ያስቀረዋል። ልጅዎ ከ20 ዓመት በታች ላለው ቡድን ገና ብዙ ጊዜ አለው፤ ይህን ደኅና ዕድል በተሳሳተ ቀን አያበላሹት።

ምርመራው የእጅ አንጓ ኤምአርአይ ነው። ጨረር የለውም፣ አያምም። የሚታየው ከአንጓው በላይ ያለው የክንድ አጥንት የሚያድግበት ክፍል ሙሉ በሙሉ መግጠሙ ነው፤ ከ17 ዓመት በፊት መግጠሙ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ ይታያል፣ ስለዚህ የገጠመበት ተጫዋች ከውድድሩ ይወጣል። አለመግጠሙ ግን ዕድሜን አያረጋግጥም፤ 18 እና 19 ዓመት ሞልቷቸው ያልገጠመላቸው ብዙ ናቸው። ስለዚህ ምርመራ ማለፍ የተሳሳተ ወረቀትን አያቃናም። የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃውና ፓስፖርቱ ላይ ቀኑ፣ የአባትና የአያት ስም፣ በፈረንጅ ፊደል ያለው አጻጻፍ ጭምር አንድ ይሁን። ስህተት ካለ ፓስፖርት ከመውጣቱ በፊት በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያስተካክሉ፤ ከወጣ በኋላ ማስተካከሉ ይከብዳል፣ ጥርጣሬም ያስነሳል።

ጥያቄ፦ ልጆቻችን እዚህ በግንባር ሲያገቡ ዳሬሰላም ሲሄዱ ይስታሉ። ደግሞስ ያሳደግነው ልጅ ቢሸጥ ለእኛ ምን ይደርሰናል? (አሠልጣኝ፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ጎንደር ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የተሻማ ኳስ እዚህ ፈጥኖ ሩቅ ይሄዳል፤ ጠረፍ ላይ ግን አየሩ ይይዘዋል፣ ቶሎ ይዘገያል፣ አጥሮ ይወርዳል። የጎንደር አጥቂ ታዲያ ኳሷን ቀድሞ ያልፋታል። ቢያንስ ሁለት ልምምድ በውድድሩ ኳስ እዚያው ማሻማት ብቻ ሥሩ። ሙቀቱን ለመልመድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያስፈልጋል፤ ያ ካልተገኘ ከባዱን ልምምድ ወደ ማለዳ አምጡና የአጥቂውን ተደጋጋሚ ፈጣን ሩጫ ቀንሱ።

ስለ ገንዘቡ፦ ተጫዋቹ ኮንትራት እያለው ከአገር አገር ሲሸጥ ከዝውውሩ 5 በመቶ ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። በ1 ሚሊዮን ዶላር ዝውውር ከ13 እስከ 16 ዓመቱ እናንተ ጋር የነበረ ልጅ 12,500 ዶላር ያመጣል። ነገር ግን ክፍያው የሚደርሰው በፌዴሬሽን ለታወቀ ክለብና በስሙ ለተመዘገበ ተጫዋች ነው። ልጁ ያለ ምዝገባ አራት ዓመት ቢሠለጥን እነዚያ ዓመታት በተጫዋቹ የፊፋ መዝገብ ላይ አይታዩም። በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያ የ12 ዓመት ልጆችን ጭምር አስመዝግቡ፣ የፌዴሬሽኑ ማኅተም ያለበትን ቅጂም ክለቡ ጋር አስቀሩ።