ገብርኤል ለምን «ገብሬል» ሆነ? እና ሌሎች የሊኑክስ ኪቦርድ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሥርዓት) ጭነው፣ ዋይፋዩም ድምፁም አልጋ በአልጋ ሆኖላቸው፣ አማርኛ ለመጻፍ ሲቀመጡ የተሰናከሉ ሰዎች ናቸው የጻፉልኝ። ዛሬ ሌላውን ሁሉ አቆይቼ እነሱን ልመልስ።

ከባሕር ዳር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንኩ። ሴቲንግስ ገብቼ ከኪቦርዶቹ ዝርዝር «አማርኛ» የሚለውን ጨመርኩ። የአማርኛ ፊደል ይወጣል፣ ግን «ሰላም» ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። «ላ»ን ከየት ላምጣት?

ሁለት ነገር ተደባልቆብሃል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ሴቲንግሱ ራሱ ሁለቱን አንድ ዝርዝር ውስጥ ነው የሚደረድራቸው።

አንደኛው ሌይአውት ነው። ይህ ቁልፍ ሲነካ ይህ ፊደል ይውጣ የሚል ተራ ሠንጠረዥ ማለት ነው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ ለሩሲያኛም ይበቃል። ለእኛ ግን አይበቃም። 33 ፊደል በ7 ቤት ስታባዛው 231 ይሆናል፣ እነ ሏንና ቋን ሳንቆጥር። በተለመደው የአሜሪካ ኪቦርድ ላይ ፊደልና ምልክት የሚያወጡት ቁልፎች 47 ናቸው። ከሺፍት ጋር 94 ቢሆኑ ነው። ሒሳቡ አይመጣም። አንተ የጨመርከው ይህንን ሌይአውት ነው።

የሚያስፈልግህ ሁለተኛው ነው፤ የመጻፊያ ዘዴ እንበለው። እሱ ቁልፎችን አንድ በአንድ አያይም። የመታሃቸውን ተከታትሎ ፊደሉን ይሠራልሃል። በኡቡንቱ ላይ ይህን ሥራ የሚያስተናግደው አይባስ የሚባል ፕሮግራም ሲሆን አብሮ ተጭኖ ይመጣል። የጎደለህ የአማርኛው ሕግ ብቻ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈትና በአፕት፣ ማለትም ፕሮግራም በሚጭነው ትእዛዝ፣ አይባስ-ኤም17ኤን (ibus-m17n) የሚባለውን ፓኬጅ ጫን። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጻፈው፤ መሃሉ ላይ ሰረዝ አለው። (ስሙ አስቂኝ ነው። «ብዙ ቋንቋ ማስቻል» ለማለት የተፈጠረው ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል በኤም ይጀምራል፣ በኤን ያልቃል፣ መሃሉ ላይ 17 ፊደል አለ። ሥራው የተጀመረው በጃፓን የምርምር ተቋም ነው፤ ጃፓኖችም እንደኛ ፊደላቸው ከቁልፋቸው ይበልጣል።)

ከጫንክ በኋላ ሎግ አውት ብለህ ተመለስ። ይህን ዘለው «አልመጣም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ኪቦርድ፣ የመደመር ምልክቷን ተጫን፣ አማርኛን ፈልግ። አሁን አጠገቡ «ሴራ» (የአጻጻፉ ስም ነው) እና «ኤም17ኤን» የሚል የተጻፈበት ታገኛለህ። እሱን ጨምር፤ የድሮውን ባዶ «አማርኛ» አጥፋው፣ ሲያምታታህ ይኖራል።

አሁን ጻፍ። ኤስን ስትመታ ስክሪኑ ላይ «ስ» ትወጣለች። ኢን (e) ስታስከትል ያቺው «ስ» ዓይንህ እያየ «ሰ» ትሆናለች። ኤል «ል»ን ያመጣል፣ ኤ (a) ሲከተለው «ላ» ይሆናል። ኤም፤ አለቀ። አምስት ቁልፍ ብቻ።

ከደብረ ብርሃን፣ መምህር፦ የአማርኛ አጻጻፉን ለምጄዋለሁ፤ ግን «ገብርኤል» ስጽፍ «ገብሬል» ይሆንብኛል። የተማሪዬን ስም እስከ መቼ ከሌላ ቦታ ኮፒ ሳደርግ ልኑር? ሥላሴን በንጉሡ «ሠ» መጻፍስ እንዴት ነው?

መምህር፣ ኮምፒውተሩ የእርስዎን ሐሳብ ሳይሆን የቁልፉን ቅደም ተከተል ነው የሚያነበው። «ር»ን ጽፈው ወዲያው ትልቁን ኢ ሲመቱ «ሬ ሊሉ ነው» ብሎ ያስባል። ስለዚህ መሃል ላይ አጥር ያቁሙለት። አጥሩ ከኢንተር ቁልፍ ጎን ያለችው ነጠላ ጭረት ናት። ቅደም ተከተሉ ጂ፣ ኢ፣ ቢ፣ አር፣ ጭረት፣ ሺፍት ከኢ ጋር፣ ኤል ነው። ጭረቷ ራሷ ጽሑፉ ውስጥ አትቀርም። ሌላም ቦታ ሳድስ ፊደልን አናባቢ ሲከተለውና እንዳይዋሃዱ ሲፈልጉ ያው ጭረት ናት የምታስታርቀው።

ሴራ የሚባለው ይህ አጻጻፍ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል፤ ብዙው ስህተት ከዚህ ይመጣል። ትንሹ ቲ «ተ»ን፣ ትልቁ «ጠ»ን ይሰጣል። ትንሹ ሲ «ቸ»፣ ትልቁ «ጨ» ነው። ትንሹ ኢ ግዕዝ ነው፣ ትልቁ ኢ ኃምስ። ካፕስ ሎክ በርቶ ከቀረ ጽሑፍዎ ሌላ ቋንቋ ይመስላል።

ለሥላሴ ደግሞ ከኤስኬፕ ቁልፍ ሥር፣ ከ1 ቁጥር ግራ ያለችውን ወደ ኋላ ያዘነበለች ጭረት ይፈልጓት። እሷን መትተው ኤስን ሲመቱ «ሥ» ይመጣል። ትልቁን ኤስ ካስከተሏት ደግሞ የፀሐዩ «ፀ» ቤት ነው። ከቁጥር ፊት ካስቀመጧት የግዕዝ ቁጥር ታወጣለች፤ ከ1 ጋር ፩ ትሆናለች። ለፈተና ወረቀት ያምራል። አራት ነጥብ የሚወጣው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሲመቱ ነው።

በነገራችን ላይ «ሠ» እና «ሰ»ን ለይቶ የሚጽፍ ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ከአዲስ አበባ፣ አካውንታንት፦ ወንድሜ ከፍራንክፈርት ላፕቶፕ ላከልኝ። ሊኑክስ ጫኑልኝ። አንዳንድ ቀን ፓስወርዴን «ስህተት ነው» ይለኛል፣ አንዳንድ ቀን ይቀበለኛል። ላብድ ነው።

አታብጂ እህቴ። ፓስወርድሽ ውስጥ ዜድ ወይም ዋይ አለ ብዬ እወራረዳለሁ።

ቁልፍ ላይ የታተመው ፊደል ቀለም ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ስንተኛው ቁልፍ እንደተነካ ብቻ ነው፤ የትኛው ፊደል እንደሚወጣ የሚወስነው ሌይአውቱ ነው። በጀርመኑ አቀማመጥ ዋይና ዜድ ቦታ ተቀያይረዋል። የኢሜይል ምልክቷ ደግሞ በአሜሪካኑ ሺፍትና 2 ላይ ስትሆን፣ በጀርመኑ ከስፔስ ቀኝ ያለውን አልት ጂአር ይዘሽ ኪው ስትመቺ ናት የምትወጣው። ያንቺ ላፕቶፕ ሁለቱም ሌይአውት አለው። መግቢያው ስክሪን አንዴ በአንዱ፣ አንዴ በሌላው ይከፈታል።

በሚቀጥለው ጊዜ እምቢ ሲልሽ ሁለት ነገር አድርጊ። የመግቢያው ስክሪን ጥግ ላይ የቋንቋው ምልክት ምን እንደሚል እዪና ቀይሪው። ከዚያ ፓስወርድ መጻፊያው ውስጥ ያለችውን የዓይን ምልክት ተጫኚ፤ የጻፍሽውን ያሳይሻል። እኔ አንድ ጊዜ የጓደኛዬ ላፕቶፕ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ከላብ ጋር ስታገል፣ ያቺን ዓይን የነካት ሻይ ያመጣልን ልጅ ነው።

ለዘለቄታው አንዱን ሌይአውት ምረጪ። እኔ የታተመውን እንድትመርጪ እመክራለሁ፤ እያዩ የሚጽፉ ሰዎች ከታተመው ጋር መጣላት የለባቸውም። ሳያዩ የሚጽፉ ከሆነ ግን ጣት የለመደውን። አንድ ነገር ልብ በይ፦ አንቺ ከገባሽ በኋላ የምትመርጪው የአንቺ ብቻ ነው። የመግቢያው ስክሪን የሚከተለው የመላውን ሲስተም ነው። በኡቡንቱና በደቢያን (ሌላው የሊኑክስ ዓይነት) የኪቦርድ-ኮንፊገሬሽን ፓኬጁን እንደገና ማዋቀር ያስፈልጋል። የጫነልሽን ልጅ በይው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ዲስክሽ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ ለእሱ የምታወጪው ፓስወርድ ውስጥ ዜድም፣ ዋይም፣ ልዩ ምልክትም፣ የአማርኛ ፊደልም አይግባ። እሱን የሚጠይቅሽ ዴስክቶፑ ገና ሳይነሳ ነው፤ ያኔ አይባስ የለም። (ለማወቅ ያህል፦ ደቢያን ለጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን «ጎሃ» የሚባል የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት አለው። ማሳየት ይችላል ማለት ነው፤ መጻፍ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ከነታንያ፣ እስራኤል፦ ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛና አማርኛ በአንድ ቀን እጽፋለሁ። መቀያየሩ ሰለቸኝ። ደግሞ ዕብራይስጡ ያለ ምንም ጭነት ሲሠራ አማርኛው ለምን ያስለፋል?

የኋለኛው ቀላል ነው። ዕብራይስጥ 22 ፊደልና 5 የመጨረሻ ቅርጾች፣ በድምሩ 27 ስለሆነ አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ተብሎ ይደለደላል። የኛን ሒሳብ ከላይ ለተማሪው ነግሬዋለሁ።

መቀያየሩን በተመለከተ፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍና ስፔስ አንዴ ሲነኩ መጨረሻ ወደተጠቀምክበት ነው የሚመልስህ። ስለዚህ ሁለቱን ስትቀያይር አንድ ምት ይበቃል። ሦስተኛውን ስትፈልግ የዊንዶውሱን ቁልፍ ሳትለቅ ስፔስን ድገም። ከዚያ የሚበልጠው ዘዴ ግን ይኼ ነው፦ ኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ለእያንዳንዱ መስኮት የየራሱን ቋንቋ አድርግ የሚል ምርጫ አለ። እሱን አብራ። የሥራ ደብዳቤህ በዕብራይስጥ፣ ከቤተሰብ ጋር የምታወራበት መስኮት በአማርኛ ሆነው ይቆዩሃል።

ከአዳማ፦ አማርኛው በሳጥን በሳጥን ነው የሚታየኝ። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አትምታ። ኪቦርዱ ደህና ነው፣ የጠፋው ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ሲል የሚባለውን ጫን፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። የድሮ ፋይል ከፍተህ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ካየህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኛ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መዝገብ) ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች በእንግሊዝኛው ቦታ ላይ የአማርኛ ሥዕል ያስቀምጡ ነበር። ያ ፋይል መለወጫ ይፈልጋል።

ከሪያድ፦ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን የሌይአውት ትእዛዝ ተርሚናል ላይ እጽፋለሁ፣ ምንም አይለወጥም።

ትእዛዙ የተጻፈው ኤክስ ለሚባለው ለድሮው የስክሪን ሥርዓት ነው። የዛሬው ኡቡንቱ ዌይላንድን ነው የሚጠቀመው፤ ትእዛዙን ሰምቶ ዝም ይልሃል። በድሮውም ቢሆን ማሽኑ ሲጠፋ ይረሳው ነበር። በሴቲንግስ አድርገው።

ከመቀሌ፦ ለመጻፊያ ኪይማን ልጫን ወይስ ኤም17ኤን? የኔ ዴስክቶፕ ኬዲኢ ነው፤ ትግርኛም እጽፋለሁ።

ስልክህም ላይ፣ ዊንዶውስም ላይ፣ ሊኑክስም ላይ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ከፈለግህ ኪይማን። የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጃቸው የአማርኛና የትግርኛ ኪቦርዶች አሉት። ትግርኛውም የኢትዮጵያና የኤርትራ ተብሎ ለየብቻ ነው። በሊኑክስ ላይ እሱም በአይባስ ጀርባ ነው የሚሄደው። ኮምፒውተርህ ሊኑክስ ብቻ ከሆነና አማርኛው ከበቃህ ኤም17ኤን ይቀልሃል፤ እኔም የምጽፈው በእሱ ነው።

በኬዲኢ ላይ ኤም17ኤንን ከመረጥክ በኤፍሲቲክስ 5 (እንደ አይባስ ያለ ሌላ አስተናጋጅ) በኩል አስገባው፣ ይስማማዋል። ከጫንከው በኋላ ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ «ቨርቹዋል ኪቦርድ» የሚለው ቦታ ገብተህ እሱን ምረጥ። ስሙ አያሳስትህ፤ ስክሪን ላይ የሚታይ ኪቦርድ አይመጣብህም። ከዚያ ኮንትሮልና ስፔስ፣ አማርኛው ይመጣል።